«ሪቲራሬ» ስንባል፦ ውሰጂ ነው ወይስ ሊወስዱብሽ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ጣሊያን ከኩዌስቱራ (ከፖሊስ መምሪያው) በስልኬ መልእክት ገባ፤ ስለ ሶጆርኖዬ (መኖሪያ ፈቃዴ) ነው፣ «ሪቲራሬ» የሚል የጣሊያንኛ ቃል አለበት። ባለፈው አንድ የሀገር ልጅ ጠጥቶ ሲነዳ ተይዞ መንጃ ፈቃዱ «ሪቲራታ» ሆነ ሲባል ሰምቼ ነበር። ሊነጥቁኝ ነው እንዴ?

መልስ፦ አይዞሽ እህቴ፣ እንኳን ደስ ያለሽ! ካርድሽ ደርሷል፣ ነይና ውሰጂ ነው የሚሉሽ። ፓስፖርትሽን፣ ስታመለክቺ ከፖስታ ቤት የተሰጠሽን ሪቼቩታ (ደረሰኝ)፣ አሮጌው ካርድ ካለሽ እሱንም ይዘሽ በተባለው ሰዓት ሂጂ።

ሪቲራሬ አብዛኛውን ጊዜ ሄዶ መረከብ ነው፦ የደም ምርመራ ውጤት፣ ፖስታ ቤት የመጣ ዕቃ፣ ላውንደሪ የሰጠሽው ኮት። መንጠቅም የሚባለው በዚሁ ግስ መሆኑ ነው ሰው የሚያስደነግጠው። እኛ «ወሰድኩ» እና «ወሰዱብኝ» ብለን እንለያለን፤ ጣሊያኖቹ ግን ለመነጠቁም «ሚ አኖ ሪቲራቶ ላ ፓቴንቴ» (መንጃ ፈቃዴን ወሰዱብኝ) ብለው በዚያው ቃል ያልፉታል። ስለዚህ ወሳጁ ማን እንደሆነ እዪ። አንቺ ከሆንሽ ሰላም ነው፣ ፖሊስ ከሆነ ግን ጣጣ ነው።

ሰው ቤት የምትሠሩ ደግሞ፦ ሲኞራዋ (አሠሪያችሁ) «ሪቲራ ኢ ፓኒ» ካለች የተሰጣውን ልብስ አስገቢ ማለቷ ነው፣ ዝናብ ሊመጣ ይሆናል። «ኢል ማልዮኔ ሲ ኤ ሪቲራቶ» ካለች ግን ሹራቡ በሙቅ ውሃ ታጥቦ ጠቧል፤ ያኔ መልስ አዘጋጁ።

ከሁሉም የምፈራው «ሪቲራሬ ላ ዶማንዳ»ን ነው። ማመልከቻን መረከብ ሳይሆን ትቼዋለሁ ብሎ ማንሳት ነው። ቢሮ ውስጥ እንዲህ የሚል ወረቀት ፈርሚ ካሉሽ፣ ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው ሳያነብልሽ እስክሪብቶ እንዳታነሺ።

ሌላ መልስ፦ እኔ የፖስታውን ልጨምር። ቤት ሳትኖሩ ራኮማንዳታ (በፊርማ የሚሰጥ የአደራ ደብዳቤ) ከመጣ ፖስተኛው ወረቀት ጥሎ ይሄዳል። ተራው ራኮማንዳታ ፖስታ ቤት 30 ቀን ይቆያል። የትራፊክ ቅጣት ወይም የፍርድ ቤት ወረቀት ከሆነ ግን ባትወስዱትም ከ10 ቀን በኋላ እንደደረሳችሁ ይቆጠራል፤ «አላየሁትም» ማለት አያድንም። ከሥራ መውጣት ካልቻላችሁ ዴሌጋ (የውክልና ወረቀት) ጽፋችሁ፣ የመታወቂያ ኮፒ አያይዛችሁ ጓደኛ ላኩ። ጠያቂዋ እህታችን ግን ለሶጆርኖው ሰው እንዳትልኪ፤ ራስሽ መቅረብ አለብሽ፣ አሻራሽንም ሊያመሳክሩ ይችላሉ።