«በተለይ» ማለት «በዋናነት» ነው ወይስ «ለብቻው»? (የአንቀጽ 52 ነገር)

አራሚዋ፣ ደሴ ፒያሳ
ሰላም ለቤቱ። ማተሚያ ቤት ጽሑፍ አራሚ ነኝ። አንድ ደንበኛ ስለ ፌዴራል ሥርዓትና ስለ ክልል መንግሥታት ሥልጣን የሚያስረዳ ትንሽ መጽሔት አምጥቶ እያረምኩ ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ቆሜያለሁ፦ «ለፌዴራል መንግሥት በዋናነት ያልተሰጠ ሥልጣን ሁሉ የክልል ነው» ይላል። ሕገ መንግሥቱን ገልጬ ሳመሳክር አንቀጽ 52 ንዑስ አንቀጽ 1 ላይ «በዋናነት» የሚል የለም፤ ቃሉ «በተለይ» ነው። ደንበኛውን ብጠይቀው «ያው ነው፤ ለአንባቢ እንዲቀል ብዬ ነው» አለኝ። ለእኔ ግን ያው አልሆነልኝም። «ወሎ ይበርዳል፣ በተለይ ደሴ» ስንል ሌላውም ይበርዳል፣ ደሴ ግን ይብሳል ማለታችን ነው። «ይህን በተለይ ላንቺ ነው ያስቀመጥኩት» ስንባል ደግሞ ሌላ ሰው እንዳይነካው ነው። የአንቀጹ «በተለይ» የትኛው ነው? ነገ ከሰዓት ወደ ኅትመት ይገባልና ፍጠኑልኝ።

ገራዶ
እኔ ደንበኛውን እደግፋለሁ። ሰው «በተለይ» ሲባል የሚሰማው «ከሁሉ ይልቅ» ነው። ሬዲዮ «ኅብረተሰቡ በተለይ ወጣቱ» ሲል ሽማግሌው ከጥሪው አልወጣም። ይልቅ መመርመር ያለበት «ክልል» የሚለው ቃል ነው። ለእኔ ክልል ከ«ከለከለ» የመጣ ነው። ክልል ማለት የተከለከለ ቦታ ነው፤ «የአደን ክልል»፣ «ጥብቅ ክልል» እንደምንለው። የመንግሥት አካልን በዚህ ቃል መጥራት ከጅምሩ ሰውን ከሰው የሚያርቅ ነው።

መሪጌታ ዘቦሩ ሜዳ
ልጄ ገራዶ፣ ቃል ስለተመሳሰለ ዘመድ አይሆንም። «ከለከለ» ወደ ግእዙ «ከልአ» የሚሄድ ነው፤ ከልአ ማለት ነሣ፣ አገደ ነው። «ክልል» ግን ከ«ከለለ» ነው፤ ከለለ ማለት ከበበ፣ ጋረደ፣ ዘውድ አቀዳጀ ነው። አክሊል ከዚሁ ወጣ። ሙሽሮች በቤተ ክርስቲያን የሚፈጽሙት ሥርዓተ ተክሊልም ከዚሁ ነው። «ከለላ» የምንለውም ልጁ ነው። ስለዚህ ክልል ማለት ዙሪያው የተከበበ፣ ጥላ ያለው ነው። ይህን ከሥሩ ሳይመረምሩ በቃሉ ላይ መፍረድ ደግ አይደለም።

ወደ እቴ አራሚዋ ጥያቄ ልመለስ። «በተለይ» ከ«ለየ» ነው፤ ግእዙ «ሌለየ» ይላል። በኦሪት ዘፍጥረት ብርሃንና ጨለማ ለተለያዩበት ደግሞ «ፈለጠ» ይላል። ዛሬ ፈለጠን ለእንጨት ብቻ አስቀረነው እንጂ መነሻው መለየት ነው። በተለይ የተሰጠ ማለት ከሌላው ተነጥሎ የተሰጠ ነው። ካህን ያጠምቃል፣ ይቀድሳል፣ ይናዝዛል፤ ይህን ሁሉ ጳጳሱም ያደርገዋል። አንብሮተ እድ፣ ካህን መሾም ግን ለጳጳሱ በተለይ የተሰጠ ነው። ጳጳሱ «በዋናነት» ይሾማል፣ ቄሱም አንዳንዴ ይሾማል የሚል ካለ ይምጣና ይንገረኝ።

የጌታው ደረሳ
አሰላሙ ዓለይኩም። መሪጌታ፣ አንቱ ያሉት አክሊል በዐረብኛም «ኢክሊል» ነው፤ ሥሩ አንድ ነው። ግእዙና ዐረብኛው ወንድማማች ስለሆኑ የትኛው ከየትኛው ወሰደ ብሎ መሟገት ሳያስፈልግ አይቀርም።

ስለ «በተለይ» ግን ኪታብ የቀራ ሰው ብዙ አይቸገርም። ዑሱል፣ የሸሪዓን ሕግ አረዳድ የሚያስተምረው ዕውቀት ላይ፣ «ዓም» እና «ኻስ» የሚባል አለ። ዓም ሁሉን የሚያቅፍ ነው፤ ኻስ ለተለየ ነገር የተቆረጠ ነው። የሚገርመው «ኻስ» ራሱ አራሚዋ ያነሳችው መንታ አለው። «ኻሰተን» ሲባል «ይበልጡን» ይሆናል፤ «ኻስ» ሲባል ደግሞ የግል፣ ለሌላ የማይሆን ነው። የሚለየው ምንድን ነው ካላችሁ አጠገቡ የቆመው ቃል ነው። አንቀጹ ላይ «በተለይ» አጠገብ ማን ቆሟል? «በጋራ» ነው የቆመው። ለፌዴራሉ በተለይ፣ ወይም ለፌዴራሉና ለክልሎች በጋራ። የጋራ ተቃራኒው «ይበልጡን» አይሆንም፤ የጋራ ተቃራኒው የብቻ ነው።

ገራዶ
ደረሳው ጥሩ አለ። ግን መልሱልኝ፦ ብቻ ማለት ከሆነ ለምን «ብቻ» ብለው አልጻፉትም? አማርኛ «ብቻ» አጥቶ ነው?

ቧንቧ ውሃ
ገራዶ እዚህ ላይ እውነት አለው፤ መልስ ይገባዋል። እኔ ግን የ«ክልል»ን ነገር ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ዕድሜዬ በእነዚህ ስሞች ነው የተቆጠረው። ስወለድ ወሎ ጠቅላይ ግዛት ነበር። ደርግ ሲመጣ ክፍለ ሀገር ተባለ። በ1980 ለሁለት ተከፍሎ ሰሜን ወሎና ደቡብ ወሎ አስተዳደር አካባቢ ሆነ። በ1984 በአዋጅ ቁጥር 7 ክልሎች በቁጥር ሲጠሩ «ክልል 3» ተባልን፤ አዲስ አበባ «ክልል 14» ነበረች። እስከ ዛሬ «ክልል 14» የሚል ሰው ታገኛላችሁ። ሥሩ ከለለም ይሁን ከልአ፣ ለእኔ ትልቁ ነገር ሥልጣኑ ከማን ነው የሚለው ነው። አልጋ ወራሽ አስፋ ወሰን ወሎን ሲገዙ ሥልጣናቸው የንጉሡ ነበር፤ ሰጪው ባሻው ቀን ይነሣል። የክፍለ ሀገሩም አስተዳዳሪ ተሹሞ የሚመጣ ነበር። የክልል ሥልጣን እንደዚያው የተዋሰው ነው ወይስ የራሱ? አራሚዋ የጠየቀችው ቃል የሚይዘው ይህን ነው።

አራሚዋ፣ ደሴ ፒያሳ
ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ግን «በተለይ»ን እንዳለ ልተወው ወይስ «ለብቻው» ብዬ ላስተካክለው? ለደንበኛው የማሳየው አንድ መስመር ምክንያት ነው የምፈልገው።

መሪጌታ ዘቦሩ ሜዳ
እቴ፣ የገራዶን ጥያቄ ስመልስ ያንቺም አብሮ ይመለሳል። ዓረፍተ ነገሩ አፍራሽ መሆኑን ልብ በሉ፤ «ያልተሰጠ» ነው የሚለው። «ለፌዴራል መንግሥት ብቻ ያልተሰጠ» ብለሽ ጻፊውና ጮክ ብለሽ አንብቢው። ምን ሰማሽ? «ለእሱ ብቻ ሳይሆን ለሌላም የተሰጠ» የሚል ነው የሚሰማው። ያ ደግሞ የጋራው ሥልጣን ነው! «ብቻ» ከአፍራሽ ግሥ ጋር ሲውል ፊቱን ያዞራል። «በዋናነት ያልተሰጠ»ም እንደዚያው ነው፤ ለፌዴራሉ በጥቂቱ የተሰጠ ነገር ሁሉ ተጠቅልሎ ለክልል ይሆናል። «በተለይ»ን የመረጠ ሰው ቋንቋ ያውቃል። ቅኔ ቤት ሰሙን ከወርቁ ሳንለይ አንነሣም ነበር፤ ሕግ ጸሐፊም እንደዚያ ነው መሆን ያለበት።

የሕግ ሰው፣ ኮምቦልቻ
መሪጌታ ያሉት በጣም ትክክል ነው፤ እኔ የሕጉን ወገን ልጨምርበት። ብዙ ባልደረቦቼ እንዲህ ዓይነት ክርክር ሲገጥማቸው ወደ እንግሊዝኛው ቅጂ ይሮጣሉ። እንግሊዝኛው «ለብቻው» የሚል ቃል አለው። ነገር ግን አንቀጽ 106 የመጨረሻው ሕጋዊ እውቅና ያለው የአማርኛው ቅጂ ነው ይላል። ስለዚህ አማርኛውን በአማርኛነቱ መረዳት ግዴታችን ነው። እንዲህ ያለ ውይይት ለዚህ ነው የሚጠቅመው።

የ52 አሠራር እንዲህ ነው። አንቀጽ 51 የፌዴራሉን ሥልጣን ይዘረዝራል፦ መከላከያ፣ የውጭ ግንኙነት፣ ገንዘብ ማተም፣ አየርና ባቡር፣ ከአንድ በላይ ክልል የሚያገናኙ መንገዶች እያለ ይሄዳል። አንዳንዱ በጋራ ይሰጣል። ከሁለቱም ውስጥ የሌለው በሙሉ የክልል ነው። ይህ በየአገሩ አንድ አይደለም። አሜሪካኖች በ1791 እ.ኤ.አ. ባጸደቁት አሥረኛው ማሻሻያ ቀሪውን ለስቴቶችና ለሕዝብ ትተዋል። ካናዳና ሕንድ ግን ቀሪውን ለማዕከሉ ነው የሰጡት። ሕንድ ሦስት ዝርዝር አላት፦ የማዕከል፣ የስቴት፣ የጋራ፤ ከሦስቱም የወጣ ነገር ሲመጣ ወደ ደልሂ ይሄዳል። እኛ ጋ ግን ወደ ክልሎች ይሄዳል። ለቧንቧ ውሃም መልሱ ይኸው ነው፤ ሥልጣኑ ከሕገ መንግሥቱ የመጣ የክልሉ የራሱ ነው፣ ማንም በደብዳቤ አይነሣውም። ፌዴራሉ ከራሱ ድርሻ ቀንሶ ለክልል የሚሰጠው ሌላ አለ፤ እሱ በአንቀጽ 50 ንዑስ 9 በውክልና የሚሰጥ ነው። ያንን ሰጪው መልሶ ሊወስደው ይችላል። ሁለቱን መቀላቀል ትልቅ ጥፋት ነው።

ከቅርብ ላሳያችሁ። ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ የግል ፋብሪካ ውስጥ የምትሰፋ ልጅና ጉምሩክ የምትሠራ እህቷ አንድ ቤት ያድራሉ እንበል። ወር ሲደርስ ከሁለቱም ደመወዝ ላይ የሥራ ግብር ይቆረጣል። የስፌቷ ልጅ ግብር በአንቀጽ 97 የክልሉ ነው፤ የግል ድርጅት ሠራተኛ ናትና። የእህቷ በአንቀጽ 96 የፌዴራሉ ነው፤ የፌዴራል ሠራተኛ ናት። ፋብሪካው ኩባንያ ከሆነ የትርፉ ግብር በአንቀጽ 98 የጋራ ነው። ከውጭ የሚገባ ዕቃ ላይ ቀረጥ መጣል ደግሞ የፌዴራሉ ነው። መሬቱስ? ስለ መሬት አጠቃቀም ሕግ የሚያወጣው ፌዴራሉ ነው፤ በዚያ ሕግ መሠረት መሬቱን የሚያስተዳድረው ክልሉ ነው። በአንድ አጥር ውስጥ «በተለይ»ም «በጋራ»ም የተሰጠው ሁሉ ጎን ለጎን ይኖራል። መጽሔቱ «በዋናነት» ብሎ ሲወጣ ይህ ሁሉ ድንበር ይደበዝዛል፤ እኔን የሚያሳስበኝ እሱ ነው።

የክልል ሥልጣን ግብር መሰብሰብና መሬት ማስተዳደር ብቻ እንዳይመስላችሁ። ክልል የራሱን ሕገ መንግሥት ያወጣል። የአማራ ክልል በ1994 ባሻሻለው ሕገ መንግሥቱ የኦሮሞ፣ የዋግ ኽምራና የአዊ ብሔረሰብ አስተዳደሮችን አውቋል። ከእኛ ዝቅ ብላችሁ ከሚሴ ስትደርሱ የምታዩት አስተዳደር የቆመው በዚያ ነው። የራሱን ፖሊስ ያደራጃል፣ የሥራ ቋንቋውን ይወስናል። የወንጀል ሕግ እንኳ የፌዴራሉ ሆኖ ሳለ፣ በእሱ ባልተሸፈነ ጉዳይ ላይ ክልል ማውጣት ይችላል።

ገራዶ
የመሪጌታ «ብቻ ያልተሰጠ» ምሳሌ አሳማኝ ነው፤ ጮክ ብዬ አንብቤዋለሁ። ሆኖም ሕዝብ የማይሰማው ትርጉም ሕግ ውስጥ መኖሩ አሁንም አይዋጥልኝም። ገበያ ላይ «በተለይ»ን እንደ ጳጳስ ሹመት የሚረዳ የለም። ሕግ ለሕዝብ ከሆነ በሕዝብ ጆሮ ይለካ።

መሪጌታ ዘቦሩ ሜዳ
ገበያው ያውቀዋል እንጂ! ሰኞ ገበያ ውረድና አንዲት እናት «ይሄ ጤፍ በተለይ ለዘር ነው» ስትልህ ግዛና ፍጭልኝ ብለህ ጠይቃት። ቃሉን የሚያጣው ሰው አይደለም፤ ከቢሮ ወረቀት «በዋናነት»ን እየለቀመ የሚዘራው ጸሐፊ ነው። በዚህ ጉዳይ ዕድሜዬም ትምህርቴም ይመሰክራሉና አልመለስም። ደግሞ ልጆቼ፣ ሥልጣንን በንጉሡ ሠ ጻፉ፤ በእሳቱ ሰ እንዳትጽፉት።

ቧንቧ ውሃ
እኔስ በሠ ነው የጻፍኩት፤ ጽሑፌን መልሼ አየሁት!
የሕግ ሰው፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ያልተጠቀሰ ሁሉ የክልል ከሆነ፣ ነገ ማንም ያላሰበው አዲስ ዓይነት ግብር ቢመጣ በቀጥታ የክልል ነዋ?

የሕግ ሰው፣ ኮምቦልቻ
አይደለም፤ መጽሔቱ እዚህም ላይ የሳተ ይመስለኛል። «ሁሉ» ያለው በግብር ላይ አይሠራም። በ96፣ በ97ና በ98 ያልተደለደለ ግብር ሲመጣ አንቀጽ 99 የራሱ መንገድ አለው። የፌዴሬሽን ምክር ቤትና የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በጋራ ተሰብስበው በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይወስኑበታል። ፌዴራሉ ብቻውን አይወስደውም፣ ክልሉም የእኔ ነው ብሎ አይጀምረውም።

የጌታው ደረሳ
ይህ እኮ ኢስቲስና ነው፤ ከዓሙ ላይ አንድ ነገር ነጥሎ ማውጣት። 52 ዓም ነው፣ «ቀሪው ለክልል» ይላል፤ 99 ግብርን ነጥሎ ያወጣል። ኢስቲስናው ካልተጻፈ ዓሙ ያሳስታል። እህቴ አራሚዋ፣ አብሽሪ፣ «በተለይ»ን እንዳለ ተዪው፤ «በጋራ» የሚለውንም ከአጠገቡ አትነጥዪው፤ ደንበኛሽ ቆርጦ የጣለው እሱን ነው። ከዚያ በታች ስለ ግብር አንድ መስመር እንዲጨምር ንገሪው።

ገራዶ
«በጋራ» መቆረጡን እኔም አላየሁትም ነበር። እሱ ከተመለሰ «በተለይ» ይቆይ እላለሁ። «ክልል» ግን ከከለከለ ነው፤ በዚህ ላይ መሪጌታ ከልአን የሚያስረዱበት መጽሐፍ እስኪያሳዩኝ እዚሁ ነኝ።