ያልተማከሉ ማኅበራዊ መረቦች የዘር ሐረግ፦ ማስቶዶን የማን ልጅ ነው?

ጠያቂ፣ ከቱሉ ዲምቱ፦
ጤና ይስጥልኝ። በኮንዶሚኒየማችን የጋራ መገልገያ ሕንፃ ቅዳሜ ቅዳሜ ኮምፒውተር ለሚማሩ ወጣቶች፣ አራት የፍሊፕ ቻርት ወረቀት በፕላስተር አገጣጥሜ ያልተማከሉ ማኅበራዊ መረቦችን (አንድ ማዕከል ሳይኖራቸው በብዙ ሰርቨሮች ወይም በየሰዉ መሣሪያ የሚሠሩትን) ታሪክ እየሣልኩ ነው። ከቀደምቱ የኮምፒውተር መወያያ መረብ ከዩዝኔት፣ ከ1980 ተነሥቼ (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) እስከ 2010 በሰላም ደረስኩ፤ ከዚያ ወዲህ ግን ቀስቶቹ ተጠላለፉብኝ። ትዊተር መሰሉን ሶፍትዌር ማስቶዶንን ከአክቲቪቲፐብ (ሰርቨሮች እርስ በርስ ከሚነጋገሩበት ፕሮቶኮል፣ ማለትም የጋራ ቋንቋ) ሥር አስቀምጬው ነበር። ሆኖም ማስቶዶን የወጣው በ2016 ሲሆን አክቲቪቲፐብ በይፋ የጸደቀው በጥር 2018 ነው። ልጅ ከእናቱ ቀድሞ ይወለዳል?

መልስ፣ ከለገጣፎ፦
የተጠላለፈብዎት ሶፍትዌሩንና ፕሮቶኮሉን በአንድ ሐረግ ስለሰደሯቸው ይመስለኛል። በሁለት ቀለም ይለዩአቸው። ማስቶዶን ሲወለድ የሚናገረው ኦስታተስ የተባለውን የቀደመ ፕሮቶኮል ነበር፤ በ2017 አክቲቪቲፐብን ጨመረ፤ በ2019 በወጣው 3.0 ስሪቱ ኦስታተስን ጨርሶ ተወው። ስለዚህ የአክቲቪቲፐብ የማደጎ ልጅ ነው።

የአክቲቪቲፐብን ወላጅ ከፈለጉ ደግሞ ኤቫን ፕሮድሮሙ የተባለውን ባለሙያ ይከተሉ። በ2008 አይደንቲካ የተባለውን ትዊተር መሰል አገልግሎት በላኮኒካ ሶፍትዌር ከፈተ፤ ላኮኒካ በዓመቱ ስታተስኔት ተባለ፤ በ2010 ኦስታተስ መጣ። በ2013 ግን አይደንቲካን ፓምፕ አይ-ኦ ወደተባለ አዲስ ሶፍትዌር ሲያዛውረው፣ አዲሱ የኦስታተስን ቋንቋ ስለማይናገር፣ በየሰርቨሩ ሆነው አይደንቲካን ይከተሉ የነበሩ ሰዎች ግንኙነታቸው ተቋረጠ። እዚህ ቦታ ላይ በቀስት ፈንታ መቀስ ይሣሉ። የስታተስኔት ኮድ ግኑ ሶሻል ወደተባለ ሶፍትዌር ሲሄድ፣ የፓምፕ አይ-ኦ አሠራር ለአክቲቪቲፐብ መነሻ ሆነ፤ ፕሮድሮሙም ከአዘጋጆቹ አንዱ ነበር።

መልስ፣ ከኮዬ ፈጬ፦
ከላይ በተባለው እስማማለሁ፤ ሆኖም ሁሉንም ከአንድ ግንድ ማብቀል ስሕተት ነው። በ2014 በዶሚኒክ ታር የተጀመረው ስከትልበት የተባለ መረብ የሰርቨር ዘር የለበትም፤ እያንዳንዱ ሰው ጽሑፉን በራሱ ዲጂታል ቁልፍ ፈርሞ በመሣሪያው ላይ ያኖራል፣ በአንድ ዋይፋይ ላይ የተገናኙ መሣሪያዎችም ያለ ኢንተርኔት ቅጂ ይለዋወጣሉ። ኔትወርክ በጠፋበት ማታ ወሬ ከአንዱ ቡና ወደ ሌላው ቡና ሲዞር ያየ የሰፈራችን ልጅ ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም። በ2020 የመጣው ኖስተር የተባለ ፕሮቶኮልም በቁልፍ መፈረሙ ያመሳስለዋል፤ ነገር ግን መልእክቱን ሪሌይ በሚባሉ ቀላል ሰርቨሮች ያሳልፋል። ሁለቱን በሌላ ወረቀት ቢያደርጓቸው ይሻላል። ትዊተር መሰሉን መረብ ብሉስካይን፣ ትዊተር በ2019 ካስታወቀው ዕቅድ ጀምረው፣ በነጠብጣብ መስመር ያስገቡት፤ ፕሮቶኮሉ ክፍት ቢሆንም አብዛኛው ተጠቃሚ የሚኖረው በኩባንያው ሰርቨሮች ላይ ነውና ሙሉ መስመር አይገባውም እላለሁ።

ጠያቂ፣ ከቱሉ ዲምቱ፦
ሁለታችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። መቀሱን በቀይ ሣልኩት፤ አምስተኛ ወረቀትም ቀጠልኩ። በ2010 አራት የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከሕዝብ ባሰባሰቡት 200,000 ዶላር ገደማ የጀመሩት ዲያስፖራ የተባለ ማኅበራዊ መረብ የራሱን ፕሮቶኮል ይዞ ስለቀረ ብቻውን አስቀምጬዋለሁ። ያስቸገረኝ ፍሬንዲካ የተባለው ሶፍትዌር ነው፤ የዲያስፖራንም፣ የአክቲቪቲፐብንም ቋንቋ ስለሚናገር፣ ቀድሞም የኦስታተስን ይናገር ስለነበር፣ የትም ብለጥፈው መስመር ይሻገርብኛል። ለጊዜው በቁራጭ ወረቀት ጽፌ በአንድ ጫፉ ብቻ ለጥፌዋለሁ፤ ቅዳሜ ወጣቶቹ ቦታ ይፈልጉለት።