ባለ 150 ሲሲ ሞተር ሳይክል፦ ከ60 ኪሎ ሜትር በሰዓት በላይ የሚመጣውን የመሪ ንዝረት እንዴት ልቀንሰው?

ደጀን_ነጂ (ጠያቂ)

ሰላም ለእናንተ ይሁን። በሞተር ሳይክሌ መሪ ላይ ስለሚሰማኝ ንዝረት ምክራችሁን ለመጠየቅ እወዳለሁ። የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነኝ፤ በምሥራቅ ጎጃም፣ በደጀንና በደብረ ማርቆስ መካከል ባሉ ቀበሌዎች የምዘዋወረው የክትባት ሳጥን ከኋላ ጭኜ ባለ አንድ ሲሊንደር 150 ሲሲ ሞተር ሳይክል እየነዳሁ ነው። በጠጠር መንገድ ላይ ቀስ ብዬ ስሄድ መሪው አያስቸግረኝም። አስፋልት ላይ ወጥቼ በአምስተኛ ማርሽ ከ60 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሳልፍ ግን ደቃቅና ፈጣን ንዝረት ይነሣል፤ 65 ላይ፣ ዙር ቆጣሪው 5,500 ገደማ ሲያሳይ፣ በጣም ስለሚበረታ የሚከተለኝ መኪና ሁለት መብራት በጎን መስታወቴ ውስጥ አራት ሆኖ ይታየኛል። ከ75 በላይ በመጠኑ ይበርዳል፤ ነገር ግን ክትባት ጭኖ በዚያ ፍጥነት መንዳት አይታሰብም።

ከግማሽ ሰዓት ጉዞ በኋላ የቀኝ እጄ ትንሿ ጣትና የቀለበት ጣቴ ይደነዝዛሉ፤ ከወረድኩም በኋላ ለጥቂት ጊዜ ውርር ይለኛል። ሞተር ሳይክሉን በተረከብኩበት ጊዜ ንዝረቱ ይህን ያህል አልነበረም። ባለፈው ክረምት ዘይት ያፈስ ስለነበረ ሞተሩ ከሻሲው ወርዶ፣ ተጠግኖ ተመልሷል፤ ንዝረቱ ከዚያ ወዲህ ይባስ ወይም ቀስ በቀስ ይምጣ ለይቼ መናገር ይቸግረኛል። አንዳንዱ በመሪው ጫፍ ላይ ክብደት አስገጥም፣ ሌላው በመሪው ቱቦ ውስጥ አሸዋ ሙላበት፣ ሦስተኛው ደግሞ መሪው በሚታሰርበት ቦታ ላይ አሮጌ ካላማዳሪያ ጠቅልልበት ይለኛል። ከወጪውም ከድካሙም አንጻር የትኛውን ላስቀድም?

የሐዋሳ_መካኒክ

ከሦስቱ አንዱንም አያስቀድሙ። መጀመሪያ ንዝረቱ የሚነሣው ከሞተሩ ይሁን ከጎማው ይለዩ፤ ይህን ለማወቅ ደግሞ ጋራዥ መሄድ አያስፈልግዎትም። ቀጥ ባለና ጭር ባለ አስፋልት ላይ 65 ከደረሱ በኋላ ነዳጁን ለቀው ፍሪሲዮኑን ይያዙ። የሞተሩ ዙር ወዲያው ይወርዳል፤ ሞተር ሳይክሉ ግን ገና በያዘው ፍጥነት ይንከባለላል። በዚያ ቅጽበት ንዝረቱ ከጠፋ ምንጩ ሞተሩ ነው፤ ከቀጠለ የጎማውን፣ የቸርኬውን፣ የራጂዎቹንና የኩሽኔታዎቹን ነገር መመርመር ይኖርብዎታል። ቀጥሎ በአራተኛ ማርሽ ዙሩን እዚያው 5,500 ላይ ያቁሙት። ፍጥነቱ ዝቅ ብሎ እጅዎ ላይ የሚሰማዎት ነገር ካልተለወጠ፣ ንዝረቱ የሚከተለው የሞተሩን ዙር እንጂ የመንገዱን ፍጥነት አይደለም ማለት ነው።

ሞተሩ ወርዶ ነበር ማለትዎን ሳነብ ወዲያው ያሰብኩት ሞተሩን ከሻሲው ጋር የሚያስሩትን ቡሎኖች ነው። ሞተር ሳይክሉን በደንብ ሳያጥቡ፣ በእያንዳንዱ ቡሎን ራስና በሮንዴላው ዙሪያ በባትሪ እያበሩ ይመልከቱ። ቀይ ቡናማ የዝገት ዱቄት ክብ ሠርቶ ካዩ፣ ወይም ቀለሙ ተፍቆ ብረቱ እንደተወለወለ ሆኖ ከታየዎት፣ በዚያ ቦታ ሁለት ብረቶች እየተፋተጉ ነው። በደንብ የታሰረ ቡሎን እንዲህ ያለ ዱቄት አያወጣም።

ካላማዳሪያ የመጠቅለሉን ምክር ግን አጥብቄ እቃወማለሁ። መሪው የሚታሰርበት ማቀፊያ ብረትን ከብረት ጋር እንዲጨብጥ የተሠራ ነው፤ በመሐሉ ላስቲክ ሲገባበት ቡሎኑ የጠበቀ ይመስላል እንጂ መሪው ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ ወይም በድንገተኛ ፍሬን ጊዜ ሊዞር ይችላል። ከፋብሪካው በላስቲክ ላይ የተቀመጡ መሪዎች አሉ፤ እነርሱም ቢሆኑ ላስቲኩ ያለው ከማቀፊያው በታች ነው እንጂ መሪው በሚጨበጥበት ቦታ ላይ አይደለም።

የማሽን_መምህር

የሐዋሳው ባለሙያ የተናገሩት ትክክል ነው፤ እኔ ምክንያቱን ልጨምርበት። ባለ አንድ ሲሊንደር ሞተር ፒስተኑን ወደ ላይና ወደ ታች ባወዛወዘ ቁጥር ሻሲውን ይገፋል፣ ይስባልም። በ5,500 ዙር ይህ በሰከንድ 92 ጊዜ ያህል ይሆናል። ባለ 17 ኢንች ጎማ በአንድ ዙር የሚሸፍነው 1.85 ሜትር ገደማ ስለሆነ በ65 ኪሎ ሜትር በሰዓት በሰከንድ 10 ጊዜ ያህል ብቻ ይዞራል። ስለዚህ ሚዛኑን የሳተ ጎማ መሪውን ያወዛውዘዋል፤ ሞተር ደግሞ ያንዘረዝረዋል። ጠያቂው «ደቃቅና ፈጣን» ማለታቸው ብቻውን ወደ ሞተሩ ያመለክታል።

ይህ ኃይል የሚያድገው በዙሩ ካሬ ልክ ነው፤ ዙሩ ከ4,500 ወደ 5,500 ሲወጣ ኃይሉ አንድ ተኩል እጥፍ ያህል ይሆናል። በክራንክ ሻፍቱ (የፒስተኑን ምልልስ ወደ ሽክርክሪት በሚለውጠው ዘንግ) ላይ የሚጨመረው ሚዛን የፒስተኑን ግፊት በከፊል ያጠፋል፤ ነገር ግን እርሱ ራሱ ስለሚሽከረከር ያጠፋውን ያህል ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚገፋ አዲስ ኃይል ይፈጥራል። አንዳንድ ሞተሮች ከክራንክ ሻፍቱ በተቃራኒ አቅጣጫ በእኩል ፍጥነት የሚሽከረከር የማመጣጠኛ ዘንግ ያላቸው በዚህ ምክንያት ነው። እንዲህ ያለ ዘንግ ያለው ሞተር ወርዶ ሲከፈት የዘንጉ ጥርስ በምልክቱ ላይ ሳይገጥም ቢመለስ፣ ዘንጉ ንዝረቱን ማጥፋት ቀርቶ ያባብሰዋል፤ የእርስዎ ሞተር ዘንጉ ካለው ይህንንም መጠየቅ ይገባል።

በ65 በርትቶ በ75 መቀዝቀዙ ሌላ ነገር ይነግረናል። ኃይሉ ከዙሩ ጋር እያደገ ሲሄድ እጅ ላይ የሚሰማው ንዝረት የቀነሰው፣ መሪው ራሱ የሚነዝርበት የተፈጥሮ ድግግሞሽ 92 ኸርዝ (በሰከንድ 92 ጊዜ) አካባቢ ስለሆነ ሊሆን ይችላል። በመሪው ጫፍ ላይ የሚገጠም ክብደት ይህን ድግግሞሽ ዝቅ ያደርገዋል፤ የክራር ወፍራም ክር ከቀጭኑ ዝቅ ያለ ድምፅ እንደሚሰጥ ማለት ነው። እንግዲህ ክብደቱ ንዝረቱን አያጠፋውም፤ ወደ ሌላ ዙር ያዛውረዋል እንጂ። ዕድል ከቀናዎት ወደማይነዱበት ዙር ይሄዳል፤ ካልቀናዎት ግን አዘውትረው ወደሚነዱበት 55 ይመጣብዎታል። ስለዚህ ክብደት በልክ እየተሞከረ የሚገጠም ነገር ነው፤ ቶርኖ ቤት በመሪው ቱቦ ውስጣዊ ልክ ከብረት ወይም ከነሐስ ማስቀረጽ ይቻላል። በነዳጅ መስጫው በኩል ሲገጠም በእጀታውና በክብደቱ መካከል ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ክፍተት መተው ግድ ነው፤ ክብደቱ እጀታውን ከነካው ነዳጁ ሲለቀቅ አይመለስምና አደጋው ከንዝረቱ ይከፋል።

አሸዋን በተመለከተ፣ እርጥበት ይዞ ቱቦውን ከውስጥ ያዝገዋል፤ ብቻውንም ብዙ ንዝረት አይውጥም። የሚሻለው ትንንሽ የእርሳስ ወይም የብረት እንክብሎችን ከሲሊኮን ጋር ቀላቅሎ መሙላት ነው፤ ላስቲክ መሰሉ ሲሊኮን በእንክብሎቹ መካከል እየተሳሳበ ጉልበቱን ወደ ሙቀት ስለሚለውጠው ከንጹሕ ክብደት የተሻለ ይሠራል። እርሳስ ለማግኘት ሲባል አሮጌ ባትሪ ቤት ውስጥ ማቅለጥ ግን ጭሱ መርዝ ስለሆነ ፈጽሞ አይገባም።

ቀይ_ቸርኬ

እኔ አዲስ አበባ ውስጥ ዕቃ አመላልሳለሁ። ወፍራም የስፖንጅ እጀታ አስገጥሜ እፎይ ብያለሁ፤ ወንድሜ፣ ነገሩን ብዙ ባያወሳስቡት ይሻላል።

ፊዚዮቴራፒስት_ስቶክሆልም

ከላይ የተጻፈውን የእጀታ ምክር በጥንቃቄ መቀበል ያስፈልጋል። ለስላሳ እጀታ የሚያግዘው በጣም ፈጣኑን ንዝረት ነው፤ 90 ኸርዝ አካባቢ ያለውን ግን ብዙ አይቀንሰውም። በፀረ-ንዝረት ጓንትም ያው ነው፤ ከ150 ኸርዝ በታች ጥቅሙ እጅግ አነስተኛ ነው። እጀታው ለእጅ መጠን ከሚገባው በላይ ሲወፍር ደግሞ ነጂው አጥብቆ ለመጨበጥ ይገደዳል፤ ጭብጡ በጠነከረ ቁጥር ወደ ክንድ የሚተላለፈው ንዝረት ይጨምራል። ከተማ ውስጥ ቆም ሄድ እያለ ለሚነዳ ሰው ልዩነቱ ላይታወቀው ይችላል፤ አስፋልት ላይ በአንድ ዙር ለረጅም ጊዜ ለሚነዳ ግን ይታወቃል።

ትንሿ ጣትና የቀለበት ጣት መደንዘዛቸው በአብዛኛው የሚያመለክተው በመዳፍ የውጭ ጠርዝ በኩል የሚያልፈው አልናር የተባለው ነርቭ መጫኑን ነው። አውራ ጣት፣ ሌባ ጣትና መሐል ጣት ቢሆኑ ሚዲያን የተባለውን ነርቭ እጠረጥር ነበር። ስለዚህ የእርስዎ ችግር ግማሹ የንዝረት፣ ግማሹ የአቀማመጥ ይመስለኛል፤ የሰውነትዎን ክብደት በመዳፍዎ ጠርዝ ላይ እየጣሉ ይሆናል። የክትባት ሳጥኑ ወደ ፊት ገፍቶ እንዳላስቀመጠዎትና ታንከሩ ላይ እንዳላስደገፈዎት ይመልከቱ። መሪውን በትንሹ ወደ ራስዎ ማዞር፣ የፍሬንና የፍሪሲዮን መያዣዎቹንም ጣቶችዎ ሲዘረጉ ከክንድዎ ጋር ቀጥ እንዲሉ አድርጎ ማሰር ብዙ ያቃልላል፤ ለዚህ የሚያስፈልገው መፍቻ ብቻ ነው።

የአውሮፓ ኅብረት በ2002 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ መሠረት፣ አንድ ሠራተኛ በ8 ሰዓት የሥራ ቀን በእጁ የሚቀበለው ንዝረት በአማካይ 2.5 ሜትር በሰከንድ ስኩዌር ሲደርስ አሠሪው የመከላከያ እርምጃ እንዲወስድ ይገደዳል፤ 5 ከደረሰ ደግሞ ከዚያ ማለፍ አይፈቀድም። ስሌቱ ጨካኝ ነው። ንዝረቱ እጥፍ ሲሆን የሚፈቀደው ጊዜ ወደ ሩብ ይወርዳል፤ መጠኑ 5 የሆነ ንዝረት በ2 ሰዓት ውስጥ የመጀመሪያውን ወሰን ይነካል። የደጋ ብርድ በተጨመረበት ጊዜ የጣት ደም ሥሮች ስለሚኮማተሩ ጉዳቱ ይብሳል፤ ስለዚህ ሞቃት ጓንት ንዝረቱን ባይቀንስም ይጠቅማል። መደንዘዙ ከጉዞ በኋላ ለሰዓታት ከቆየ፣ ሌሊት ከቀሰቀሰዎት፣ ጭብጥዎ ከላላ ወይም ጣትዎ በብርድ ጊዜ እንደ ወረቀት ከነጣ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።

ደጀን_ነጂ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የሐዋሳው ባለሙያ ያዘዙትን ሙከራ አድርጌያለሁ። ፍሪሲዮኑን ስይዝ ንዝረቱ ወዲያውኑ ጠፋ፤ በአራተኛ ማርሽ በ5,500 ዙር፣ ፍጥነቱ 54 ገደማ ሆኖ፣ ያው ንዝረት ተመለሰ። ከዚያም ሞተሩን ከሻሲው ጋር የሚያያይዙትን ቡሎኖች አንድ በአንድ ተመለከትኩ፤ ከኋላ በታች በኩል ባለው ላይ የተባለው ቀይ ዱቄት በግልጽ ይታያል። ዳዶውን ትንሽ ሳላላው በሞተሩ ጆሮ (ቡሎኑ በሚያልፍበት የሞተሩ ጉብታ) እና በሻሲው ብረት መካከል የቢላ ጫፍ የሚያስገባ ክፍተት ተከፈተ፤ በሌላኛው ጎን ግን ብረቱ ገጥሞ ተቀምጧል። ይህን ክፍተት ዳዶውን አጥብቄ ብዘጋው ይበቃል ወይስ ሌላ የሚደረግ ነገር አለ? ጥገናውን ያካሄደው ጋራዥ ምንም ዕቃ እንዳልቀረ ነግሮኛል። የማመጣጠኛ ዘንግ እንደሌለውም ከመመሪያ መጽሐፉ አረጋግጫለሁ።

የሐዋሳ_መካኒክ

አጥብቀው አይዝጉት። የሞተሩ ጆሮ አሉሚኒየም ነው፤ ሻሲውን በቡሎን ጉልበት ስቦ ማገናኘት ጆሮውን ዘወትር እንደተወጠረ ስለሚያስቀረው ከጊዜ በኋላ ይሰነጠቃል፤ አሉሚኒየም ብየዳ ደግሞ በየቦታው የሚገኝ ሥራ አይደለም። በአንዱ ጎን ብቻ ክፍተት መኖሩ፣ ማራቂያ ቀለበት ቀርቶ ወይም ጎኑ ተለዋውጦ ሊሆን እንደሚችል ያሳያል። በመመሪያ መጽሐፉ ሥዕል ላይ የዚያን ቡሎን ዝርዝር ይመልከቱ፤ ቀለበቱ ከሌለ ክፍተቱን ለክተው በዚያው ውፍረት ከብረት ያስቀርጹ። ለስላሳ የቆርቆሮ ሮንዴላ ደርበው አይሙሉት፤ እየተጨፈለቀ ዳዶውን መልሶ ያላላዋል።

ሲያስሩ የሞተሩን ቡሎኖች በሙሉ በትንሹ አላልተው፣ ሞተሩን ከሥሩ በክሪክ ጥቂት ደግፈው ክብደቱን ያንሡለት። ቡሎኖቹ ያለ መዶሻ በእጅ ገፍቶ የሚገቡ ከሆነ ሞተሩ ቦታውን ይዟል ማለት ነው። ከዚያ ሁሉንም በእጅ አጥብቀው፣ በመጨረሻ መመሪያ መጽሐፉ በሚያዘው ኒውተን ሜትር ልክ በቶርክ ቁልፍ ይዝጉ። የፊት መያዣ ሳህኖቹንና ወደ ቴስታታው (የሲሊንደሩ የላይኛው ክዳን) የሚሄደውን የላይኛውን ማሰሪያ አይርሱ፤ ብዙ ጊዜ ተረስተው ልቅ የሚቀሩት እነርሱ ናቸው። ዳዶዎቹ ናይሎን ያላቸው ከሆኑ በአዲስ ይለውጧቸው፤ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ከነዱም በኋላ መልሰው ይፈትሹ።

ከዚህ በኋላ የሚቀረው ንዝረት የሞተሩ ጠባይ ነው፤ መምህሩ ያሉትን ክብደት ያን ጊዜ ይሞክሩ። ካቴናውን የሚነዳውን የፊቱን ፒኞን በአንድ ጥርስ ማሳደግም መንገድ ነው፤ ከ14 ወደ 15 ቢሄዱ በ65 ላይ ያለው ዙር በ7 በመቶ ገደማ ይወርዳል። ነገር ግን ከዓባይ በረሃ ወደ ደጀን ሽቅብ ከጭነት ጋር ሲወጡ ጉልበት ስለሚያጥርዎት እኔ ለእርስዎ አልመርጠውም። ሞተሩ ከቦታው ትንሽ ስለሚንቀሳቀስ የካቴናው ልቅነትና ቀጥታነት ይለወጣል፤ እንደገና ሲያስተካክሉት የኋላ ሞላው ሲጫን ካቴናው እንደሚወጠር ያስቡና፣ የክትባት ሳጥኑን ጭነው አንድ ሰው ከተቀመጠበት በኋላም ልቅነት እንደቀረው በጣትዎ ገፍተው ያረጋግጡ።