አሮጌ ያማሃ ዲቲ 125 ገዝቶ ማደስ ያዋጣል?

ጠያቂ (ባሕር ዳር)

ሰላም ለእናንተ ይሁን። በአንድ ግቢ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ሸራ ለብሳ የቆየች ያማሃ ዲቲ 125 ለሽያጭ ቀርባለች፤ ልገዛት እያሰብሁ ስለሆነ ምክራችሁን እሻለሁ። ሻጩ እንደነገረኝ ቀድሞ የአንድ የእርዳታ ድርጅት ንብረት ነበረች፤ በኋላ ተሽጣ በሁለት ሰው እጅ አልፋለች። በአየር የሚቀዘቅዝ ባለ ሁለት ምት ሞተር ያላት፣ በ6 ቮልት የምትሠራ የድሮዋ ዓይነት ናት። በእግር ማስነሻው ደጋግሜ ስረግጣት ትነሣለች፤ ነገር ግን ጭሷ ነጭና ወፍራም ነው፣ ሰልባትዮው (የቤንዚን ማጠራቀሚያው) ውስጥ ዝገት ይታያል፣ የዘይት ፓምፑም ተነቅሎ ቦታው ተደፍኗል።

ለዕለት ሥራዬ ባጃጅ ስለሚበቃኝ ይህችን የምፈልጋት በዕረፍት ቀን ወደ ዘጌና ወደ ጢስ ዓባይ ለመመላለስ ነው። የተጠየቅሁት ዋጋ ለአዲስ የሕንድ ሞተር ሳይክል ከሚከፈለው ሲሶ ገደማ ይሆናል። ያንን ከፍዬ የቀረውን ገንዘብ ለእድሳት ባውለው ያዋጣኛል ወይስ ሜዳ ላይ መበተን ይሆንብኛል?

መካኒክ (ቀበሌ 14)

ወንድሜ፣ ለቀለሙና ለወንበሩ አይጨነቁ፤ ዋጋዋን የሚወስነው ሞተሩ ውስጥ ያለው ነው። በባለ ሁለት ምት ሞተር የቤንዚኑና የአየሩ ድብልቅ ወደ ሲሊንደር ከመውጣቱ በፊት ኮሎው (የፒስተኑን ምት ወደ ዙር የሚቀይረው ዘንግ) በሚሽከረከርበት ክፍል ስለሚያልፍ፣ ያ ክፍል ከግራም ከቀኝም በፓራኦሊ (ዘይትና አየር እንዳያልፍ በሚያትም የጎማ ቀለበት) በደንብ የታሸገ መሆን አለበት። ሞተሩ ለዓመታት ሲቆም የፓራኦሊው ጎማ ይደርቅና ይሰነጠቃል። በፍሪሲዮን (ክላች) በኩል ያለው ካረጀ ሞተሩ የካምቢዮውን (የማርሽ ሳጥኑን) ዘይት እየሳበ ያቃጥለዋል፤ እርስዎ ያዩት ነጭ ጭስም ከዚህ የመጣ ሳይሆን አይቀርም። ለማረጋገጥ የካምቢዮውን ዘይት በልኩ ሞልተው ጥቂት ይንዷትና እንደገና ይለኩ፤ ከሥር ምንም ሳያንጠባጥብ ከጎደለ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም።

ይበልጥ የሚያሰጋኝ በማግኔቱ (ኤሌክትሪክ በሚያመነጨው ክፍል) በኩል ያለው ፓራኦሊ ነው። እሱ ሲያረጅ የሚታይ ጭስ የለም፤ አየር እየገባ ድብልቁን ያሳሳዋል፣ ሞተሩ ይግላል፣ በመጨረሻም ፒስተኑ ሲሊንደሩን ነክሶ ይቆማል። ምልክቱ ነዳጅ መስጠት ሲያቆሙ ዙሩ ቶሎ አለመውረዱ ነው። ከዚህም የተነሣ ሞተሩ ከመንከሱ በፊት ቀለል ብሎት የሚሮጥ ስለሚመስል፣ ገዢው ተደስቶ ዋጋ ይጨምራል እንጂ አይጠራጠርም።

ሲሊንደሩን ደግሞ በዓይንዎ ሳያዩ አይዋዋሉ። የዚህ ሞተር ሲሊንደር ከፋብሪካ ሲወጣ የውስጥ ስፋቱ 56 ሚሊ ሜትር፣ የፒስተኑ ምት 50 ሚሊ ሜትር ነው፤ 123 ሲሲ የሚመጣውም ከዚህ ነው። ሲበላ በቶርኖ ቤት ይሰፋና በየ0.25 ሚሊ ሜትር እያደገ እስከ 1.00 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ተተኪ ፒስተን ይገጠምለታል። ስለዚህ ሻጩን አስፈቅደው ቴስታታውን (የሲሊንደሩን ክዳን) ያስከፍቱ፤ የፒስተኑ አናት ከካርቦን ሲጠረግ ምን ያህል እንደሰፋ የሚነግር የተመታ ቁጥር ይታያል፤ 25 ማለት 0.25 ሚሊ ሜትር ነው። ምንም ካልተመታበት ወይም 25 እና 50 ከሆነ ገና ብዙ ዕድሜ አላት። 100 ከሆነ ግን ከዚህ በኋላ የሚሰፋ ነገር ስለሌለ አዲስ ካሚቻ (የሲሊንደሩን የውስጥ ሽፋን) ማስገባት ግድ ይላል፤ ያ ወጪ ከዋጋው ላይ መቀነስ ይኖርበታል።

ስለ ዘይት ፓምፑም አንድ ነገር ልጨምር። ያማሃ ዘይቱን ከቤንዚኑ ለይቶ በፓምፕ የሚያደርስበትን ኦቶሉብ ያወጣው በ1964 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ባለቤቶች ፓምፑ እንዳይበላሽባቸው ፈርተው ነቅለው ዘይቱን ሰልባትዮ ውስጥ ይቀላቅላሉ። ይህ ለባሕር ዳር ሜዳ ምንም አይልም። የዓባይን በረሃ ከደጀን ወደ ታች ሲወርዱ ግን ነዳጅ ሳይሰጡ በማርሽ ብቻ እየያዙ ረጅም ቁልቁለት ከሄዱ፣ ቤንዚኑ ሲቀንስ ዘይቱም አብሮ ስለሚቀንስ ሞተሩ ደርቆ ይሽከረከራል። በየመሐሉ ፍሪሲዮን ይዞ ትንሽ ነዳጅ መስጠት ያስፈልጋል።

ሌላ አንባቢ (ባሕር ዳር)

ከላይ የተሰጠው ምክር እጅግ ጠቃሚ ነው፤ እኔ ግን ቴስታታው ከመከፈቱ በፊት ሊብሬው መታየት አለበት እላለሁ። የእርዳታ ድርጅት ንብረት የነበረ ተሽከርካሪ ብዙ ጊዜ ከቀረጥ ነፃ የገባ ነው፤ ይህ መብት ለሌለው ግለሰብ ሲተላለፍ ቀረጡና ታክሱ መከፈል አለበት። ክፍያው መፈጸሙን የሚያሳይ ሰነድ ከሌለ፣ ከሻጩ ጋር በወረቀት ብትዋዋሉም ስም ለማዛወር ስትሄዱ ጉዳዩ እዚያው ይቆማል። በሁለት ሰው እጅ አልፋለች ማለት ደግሞ ሊብሬው አሁንም በቀድሞው ባለቤት ስም ሊሆን ይችላል ማለት ነው፤ ያ ሰው ወይም ሕጋዊ ወኪሉ ቀርቦ የማይፈርም ከሆነ ቀብድ እንኳ አትክፈሉ።

የሻንሲውንና የሞተሩን ቁጥር ራሳችሁ ከብረቱ ላይ አንብባችሁ ከሊብሬው ጋር አስተያዩ። በመሪው አንገት ላይ ያለው የሻንሲ ቁጥር በቅባትና በቀለም ስለሚሸፈን በቤንዚን በራሰ ጨርቅ ማጽዳት ያስፈልጋል። ቁጥሩ የተፋቀ ወይም እንደገና የተመታ ከመሰለ፣ ሞተር ሳይክሏ ምንም ያህል ብታምር ይቅርባችሁ። ቦሎዋ ስንት ዓመት እንዳልታደሰም ጠይቁ።

ሦስተኛ አስተያየት ሰጪ (ወረታ)

እኔ መግዛቱን አልደግፍም። በፎገራ የሩዝ ማሳ ጭቃ ውስጥ በየዕለቱ የምንነዳ ሰዎች የተረዳነው ነገር ቢኖር፣ አንድን ሞተር ሳይክል በሥራ የሚያቆየው ጥንካሬው ብቻ ሳይሆን መለዋወጫው በአቅራቢያ መገኘቱ መሆኑን ነው። የድሮ የጃፓን ሞተር የሚወዱ ከሆነ ሆንዳ ሲጂ 125 ይፈልጉ። ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ ጀምሮ የተሠራው ይህ ባለ አራት ምት ሞተር የጥገና አገልግሎት በቅርብ ለማይገኝባቸው አገሮች ታስቦ የወጣ ነው። የቻይና ፋብሪካዎችም ንድፉን ተከትለው በብዛት ስላመረቱት ፋሻው፣ ቫልቮላውና ጓርኒሲዮኑ ከቻይና 125 ሞተር ዕቃ ጋር በአብዛኛው ይገጥማል። የዲቲ ፒስተን ግን ከአዲስ አበባም ሊጠፋ ይችላል፤ ለክረምት የተበላሸ ሞተር ሳይክል ዕቃው እስኪመጣ ለመስቀል አይደርስም።

ጠያቂ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ሊብሬውን አየሁት፤ በሻጩ ስም ነው፣ ቀረጥ የተከፈለበት ሰነድም አብሮ ተያይዟል፣ ሁለቱም ቁጥሮች ይገጥማሉ። ሻጩ ቴስታታውን ለማስከፈት ፈቃደኛ ስለነበር ሲከፈት ቆሜ ተመለከትሁ፤ ፒስተኑ ላይ የተመታው 50 ነው፣ የሲሊንደሩ ግድግዳም የተጫረ ነገር የለበትም። የካምቢዮው ዘይት ግን እንደተባለው ጎደለ። ከወረታ የጻፉልኝ ወንድሜ ያሉት ለዕለት ሥራ ለሚፈልጋት ሰው እውነት ነው፤ እኔ ብትቆምብኝም ሥራዬ ስለማይቆም ልገዛት ወስኛለሁ። ጋሼ፣ ለዝገቱ ምን ባደርግ ይሻላል? ጭሱንስ ጂግለሩን (በካርቡሬተሩ ውስጥ ቤንዚን የሚለካውን ቀዳዳ) በማሳነስ መቀነስ ይቻላል ያሉኝ አሉ።

መካኒክ (ቀበሌ 14)

50 ከሆነ መልካም ዕቃ አግኝተዋል። ጂግለሩን ግን አሁን እንዳይነኩት። እርግጥ ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ በመሆኗ የአየሩ ግፊት ከዝቅተኛ ቦታ ጋር ሲነጻጸር አንድ አምስተኛ በሚጠጋ ያንሳል፤ ፋብሪካው ለዝቅተኛ ቦታ የገጠመው ዋና ጂግለር እዚህ ቤንዚን ያበዛል፣ ካንዴላውም (የእሳት ብልጭታ ሰጪው) ጥቁር ጥላሸት ይይዛል። ነገር ግን ያረጀ ፓራኦሊ እያለ ቤንዚኑን ከቀነሱ፣ ቀድሞውንም የሳሳውን ድብልቅ ይበልጥ አሳስተው ፒስተኑን ያስነክሳሉ። መጀመሪያ ሁለቱም ፓራኦሊዎች ይቀየሩ፤ ከዚያ ካንዴላውን አይተን ቡናማ እስኪሆን ድረስ ጂግለሩን በአንድ በአንድ ቁጥር እናወርዳለን። ወደ መተማ ቆላ የሚወርዱ ከሆነ የድሮውን ይዘው ይሂዱ፣ እዚያ ያስፈልጋል።

ለሰልባትዮው የቤንዚን መዝጊያውን ነቅለው ቀዳዳውን ይድፈኑ፣ በአቼቶ ሞልተው አንድ ሁለት ሌሊት ያሳድሩ፣ ጥቂት ብሎን ጨምረው ያናውጡት። ካፈሰሱት በኋላ በሶዳ ውሃ አጥበው በፍጥነት ያድርቁትና ውስጡን በዘይት ያርሱት፤ እርጥብ ሆኖ ካደረ ጠዋት መልሶ ይዝጋል። ወደ ካርቡሬተሩ በሚሄደው ቱቦ ላይም ማጣሪያ ይግጠሙ።

ለዕቃ ፍለጋው ደግሞ በሞተሩ ላይ ከሰረዙ በፊት የተመቱትን ሦስት ምልክቶች ይጻፉልኝ፤ ያማሃ ሞዴሉን የሚለየው በእነሱ ስለሆነ «ዲቲ 125» ብቻ ብለው ቢያዙ የሌላ ዓመት ፒስተን ሊመጣብዎ ይችላል። ፓራኦሊዎቹን በያማሃ ስም መፈለግ አያስፈልግም፤ የውስጥ፣ የውጭና የውፍረት ልካቸው ከላያቸው ላይ ተጽፏል። ልኩን ይዘው ኩሽኔታ የሚሸጥበት ሱቅ ይሂዱ፤ ሲገዙ ግን ለኮሎ መሆኑን ይንገሯቸው፣ ሙቀትና ቤንዚን የሚችል ጎማ ካልሆነ በጥቂት ወር ይበላሻል።