ሰፊ ሌንስ ሲሸራተት የሚመጣ የቀለም መዛባት

ጥያቄ፦ ሰላም ወገኖች። የሕንፃ ፎቶ የማነሳው በፌዝ ዋን አይኪው180 ባክ (ከካሜራው ኋላ የሚገጠም፣ ሴንሰሩን የያዘ ክፍል) እና በሽናይደር 35 ሚሜ ሌንስ ነው። ሌንሱን ወደ ጎን ሳሸራትት ነጩ ግድግዳ በአንድ በኩል ሮዝ፣ በሌላው አረንጓዴ ይሆናል። ዋይት ባላንሱን ብነካካም አልለቅ አለኝ። ጥፋቱ የሌንሱ ነው የባኩ?

መልስ፦ የሁለቱም ነው ወንድሜ። የሽናይደሩ የኋላ መስታወት ለሴንሰሩ በጣም ቅርብ ነው። ስለዚህ ብርሃኑ ጠርዝ ላይ አጋድሎ ይገባና ወደ ጎረቤት ፒክስል ይሾልካል። ዋይት ባላንስ ምስሉን በሙሉ እኩል ስለሚቀይር አይፈታውም። የሚፈታው ኤልሲሲ (የሌንስ ቀለም መዛባት ማረሚያ) ነው። ብርሃን አሳላፊ ነጭ ፕላስቲክ ሌንሱ ፊት ግጥም አድርገህ አንድ ፎቶ አንሳ። ሽርተታው፣ አፐርቸሩና ፎከሱ እንዳሉ ይሁኑ። ከዚያ ካፕቸር ዋን በሚባለው የፎቶ ማስተካከያ ሶፍትዌር ላይ ከሱ ኤልሲሲ ፍጠርና ለዋናው ፎቶ ስጠው። ሽርተታውን በቀየርክ ቁጥር እንደገና አንሳ፤ እባክህ ይቺን አትዝለላት!

ጠያቂ፦ እግዜር ይስጥልኝ። የፎቶው ጥግ መጥቆሩስ?

ሌላ መልስ፦ ኤልሲሲ ያበራዋል፤ ግን ኖይዝ (ነጠብጣብ) ይወጣል። ሴንተር ፊልተር (መሃሉ ጠቆር ያለ፣ ብርሃኑን የሚያመጣጥን ማጣሪያ) ግጠምለት። ሮደንስቶክ 32 ሚሜ ሌንስ ሬትሮፎከስ (የኋላ መስታወቱ ከሴንሰሩ ራቅ ያለ) ስለሆነ ችግሩ ይቀንሳል፣ ግን ከባድ ነው። በ2018 የወጣው አይኪው4 150 ባክ ደግሞ ሴንሰሩ ቢኤስአይ (ብርሃን ከጀርባው የሚቀበል) ነው፤ የተጋደለ ብርሃን ብዙም አያስቸግረውም።