ለጋሼ መታሰቢያ የምናቀርበው ዕቅድ፦ ረቂቁን አብረን እናዳብር

የማኅበሩ ጸሐፊ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጋሼ ካረፉ ወዲህ በየስብሰባው እያነሳን የምንጥለውን የመታሰቢያ ጉዳይ በጽሑፍ አስፍረን ለጠቅላላ ጉባኤው እንድናቀርብ ነው ይህን የጀመርኩት። እስካሁን ሦስት ሐሳብ ቀርቧል፦ ምስላቸው የተቀረጸበት የድንጋይ ሐውልት፣ በስማቸው የሚተከል ዛፍ፣ ወደ ምንጩ የሚወስደውን የእግር መንገድ ማደስ። እኔ ሐውልቱን አልደግፍም። ጋሼ ፎቶ ለመነሳት እንኳ አንድ ቦታ የማይቆሙ ሰው ነበሩ። ዱላቸው ላይ በስለት የቆረጧቸውን ምልክቶች የምታስታውሱ ትኖራላችሁ፤ በበጋ ዱላውን ምንጩ ውስጥ እያስገቡ ውሃው የቱ ምልክት ድረስ እንደወረደ ያዩ ነበር። ሲወርድ ፊታቸው ላይ ይታወቅ ነበር። መንገዱንና ምንጩን እናስቀድም እላለሁ።

ምክትል ሰብሳቢ፦
ሐውልቱን ያነሳሁት እኔ ነኝ። ነገ የሚወለዱት ልጆች ጋሼን አያውቋቸውም፤ ስማቸው የሆነ ቦታ ተጽፎ ይቆይ ብዬ ነው። ሐውልቱ ቢቀር ግድ የለኝም፣ ስማቸው ግን አይቅር። መቶ ችግኝ እንትከልና በየግንዱ ላይ ስማቸው ያለበት ቆርቆሮ እንምታ።

በችግኝ ጣቢያ የሚሠሩ አባል፦
ሐሳቡ የመጣው ከፍቅር ስለሆነ አከብረዋለሁ፤ ግን ቆርቆሮውን ተዉት። ሚስማር ግንዱን ያቆስለዋል፣ በቁስሉ በሽታ ይገባል። በሽቦ እንሰር ካላችሁ ደግሞ ይብሳል። ዛፉ ሲወፍር ሽቦው ቅርፊቱን እየበላ ይገባል፤ ምግቡ የሚተላለፈው ከቅርፊቱ ሥር ስለሆነ ውሎ አድሮ ያንቀዋል። ስሙ በድንጋይ ተጽፎ መንገዱ መነሻ ላይ ይቁም።

ስለ ብዛቱም ልናገር። መቶ ተክሎ አሥር ከማሳደግ አሥራ ሁለት ተክሎ አሥራ ሁለቱንም ማሳደግ ይሻላል። ዋናው ሥራ ያለው ከተከላው በኋላ ነው። ጉድጓዱ ሥሩ ከያዘው የአፈር ጥቅል ሁለትና ሦስት እጥፍ ሰፊ ይሁን፣ ጥልቀቱ ግን ከጥቅሉ ቁመት አይለፍ። ፕላስቲኩ ይቀደድ፣ የተጠማዘዘ ሥር ካለ በእጅ ይፈታ። ግንዱና ሥሩ የሚገናኙበት ቦታ አፈር ውስጥ ከተቀበረ ይበሰብሳል፤ ሰው ችግኙ ደረቀ ይላል እንጂ ብዙውን ጊዜ የገደለው በጥልቀት መተከሉ ነው። ዙሪያውን በደረቅ ቅጠል ሸፍኑት፣ ቅጠሉ ግንዱን አይንካ። ውሃውን በየቀኑ ከመርጨት በሳምንት አንዴ ሁለቴ ጠለቅ ብሎ እንዲገባ ማጠጣት ነው፤ ያኔ ሥሩ ወደ ታች ይሄዳል። ይህ ቢያንስ ለሁለት ዓመት የሚቆይ ሥራ ስለሆነ እያንዳንዱ ዛፍ ባለቤት ይኑረው።

አንድ ነገር ደግሞ፦ ምንጩ አጠገብ ባሕር ዛፍ አይተከል። በፍጥነት የሚያድግና ብዙ ውሃ የሚስብ ዛፍ ነው፤ ጋሼ በዱላቸው ሲለኩት የኖሩትን ውሃ በእጃችን አናድርቅ። አገር በቀል ይሁን።

ሒሳብ ሹም፦
በዚህ ከተስማማን ወጪውም ይቀንሳል። አግዳሚ ወንበር እንዲሠራ የጠየቁም አሉ። መንገዱ መሐል ያለውን ደረቅ ግንድ ቆርጠን ከእሱ ብናሠራው እንጨት መግዛት አያስፈልግም።

የጋሼ ሁለተኛ ልጅ፦
ስለ አባቴ ይህን ያህል ስለምትጨነቁ ቤተሰቡ በሙሉ ያመሰግናችኋል። ደረቁን ግንድ ግን እባካችሁ አትቁረጡት። ግንደ ቆርቁር የምትፈለፍለው እሱን ነው፤ እሷ ትታው የሄደችው ጉድጓድ ውስጥ ሌሎች ወፎች ይገባሉ። አባባ ጆሮዬን ግንዱ ላይ አስለጥፎ ጫጩቶቹን አሰምቶኛል። ቀጭን፣ የማያቋርጥ ድምፅ ነው። ለወንበሩ የወደቀ እንጨት እንፈልግ።

የምጨምረው አለ። አባባ ከልጆቹ ጋር ሲወጣ ሁላችንንም አንድ ላይ አይወስደንም ነበር። ሊነጋጋ ሲል ይመጣና ተረኛውን ብቻ ትከሻውን ነካ አድርጎ ይቀሰቅሳል። የዚያን ቀን አባት ያለህ አንተ ብቻ ነህ። እኔ በባሕሪዬ ዝምተኛ ነበርኩ፤ ቤት ውስጥ ከወንድሞቼ ጫጫታ መሐል የማልናገረውን ሁሉ መንገድ ላይ ለእሱ እነግረው ነበር። እሱ ከፊት እየሄደ፣ ፊቱን ሳያዞር ይሰማኛል። በዓመት አንድ ቀን የእግር ጉዞ ይደረግ ከተባለ እንደ ሰልፍ አይሁን። አንድ ትልቅ ሰው አንድ ልጅ ይዞ፣ ጥንዶቹ ተራርቀው ይሂዱ። አባት የሌለው ልጅ ካለ ከማኅበሩ አንድ ሰው ይያዘው።

ምክትል ሰብሳቢ፦
ይህን ካነበብኩ በኋላ ሐውልት የሚል ቃል አላነሳም። እንግዲህ ለልጆቹ እሳቸውን የምናስተዋውቅበት መንገድ ይኸው ተገኘ። የጉዞውን ዝግጅት እኔ ልውሰድ።

መንገድ ሥራ የሚያውቁ አባል፦
መንገዱ አሁን ቁልቁል ቀጥ ብሎ ስለሚወርድ ጎርፍ ቦይ አድርጎታል። ድንጋይ ብንደለድልበት ዝናቡ መልሶ ይወስደዋል። ዳገቱን አግድም እያቋረጠ የሚሄድ አዲስ መስመር እናውጣ፤ ውሃው በጎን እንዲወጣ የመንገዱ ፊት ወደ ቁልቁሉ ትንሽ ያዘንብል። ከብት ምንጩ ውስጥ ገብቶ እንዳያደፈርሰው ዓይኑ ይታጠር፣ መጠጫ ገንዳው ከታች ይሠራ። ወንበሩ ደግሞ መደገፊያና የእጅ ማሳረፊያ ይኑረው፣ ከፍታው 45 ሳንቲ ሜትር ገደማ። ዝቅ ካለ የጋሼ ባለቤት ተቀምጠው መነሳት ይቸግራቸዋል።

የማኅበሩ ጸሐፊ፦
የሁላችሁንም ይዤ ረቂቁን እንዲህ አድርጌዋለሁ፦

«ማኅበራችን ለጋሼ መታሰቢያ ወደ ምንጩ የሚወስደውን የእግር መንገድ በአዲስ መስመር ያወጣል፤ የምንጩን ዓይን አጥሮ ከታች የከብት መጠጫ ገንዳ ይሠራል። በመንገዱ ዳር አሥራ ሁለት አገር በቀል ዛፎች በዝናቡ መግቢያ ይተክላል፤ እያንዳንዱን ዛፍ አንድ ቤተሰብ ለሁለት ዓመት ይንከባከባል። የቆመው ደረቅ ግንድ አይነካም። ስማቸው በመንገዱ መነሻ በድንጋይ ላይ ይጻፋል፣ ከምንጩ በላይ አንድ ወንበር ይቀመጣል። በዓመት አንድ ቀን እያንዳንዱ አባል ከአንድ ልጅ ጋር በዚህ መንገድ ይሄዳል።»

የሚቀነስም የሚጨመርም ካለ እስከ እሑድ ጻፉ። ዛፍ የሚወስዱ ቤተሰቦችም ከአሁኑ ያስመዝግቡ።

የጋሼ ሁለተኛ ልጅ፦
እናታችን ሲነበብላት ሰማችውና አንድ ነገር ብቻ ጨምሩ አለች፦ የጉዞው ቀን ያረፈበት ቀን አይሁን። ሰማዩ ጠርቶ መንገዱ ሲደርቅ፣ እሱ ራሱ ቤት መቀመጥ በሚያቅተው ሰሞን ይሁን። ከምንጩ አጠገብ የሚተከለውን አንዱን ዛፍ ደግሞ እኛ እንወስዳለን።