ሙቀቱ ከቀደመ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንዴት መንስኤ ይሆናል?

ጠያቂ፦
ከአንታርክቲካ የበረዶ ግግር ተቆፍረው የወጡ ናሙናዎች የ800,000 ዓመት የአየር ንብረት ታሪክ ይዘዋል። የቀደሙት ጥናቶች ግን በየበረዶ ዘመኑ መገባደጃ ሙቀቱ ቀድሞ እንደጨመረና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከመቶዎች ዓመታት በኋላ እንደተከተለው ያመለክታሉ። ታዲያ ጋዙ የሙቀት ውጤት እንጂ መንስኤ አይደለም ብሎ መደምደም ስህተቱ ምኑ ላይ ነው?

መላሽ አንድ፦
ከሁለቱ አንዱን ብቻ ምረጡ ማለቱ ላይ ነው፤ ጋዙ ውጤትም አባባሽም ሊሆን ይችላል። የበረዶ ዘመን እንዲያበቃ መነሻ የሚሆነው፣ ሰርቢያዊው ሚሉቲን ሚላንኮቪች በስሌት እንዳሳየው፣ የምድር ምህዋርና የዛቢያዋ ዝንባሌ በአስር ሺዎች ዓመታት ዑደት መለዋወጡ ነው። ይህ ለውጥ የፀሐይን ብርሃን በወቅቶችና በኬክሮሶች መካከል ያሸጋሽጋል እንጂ ምድር በዓመት የምታገኘውን ድምር እምብዛም ስለማይነካ፣ መላዋን ዓለም በ5 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ለማሞቅ ብቻውን አይበቃም። ቀሪውን የሚሞሉት ግብረ መልሶች፣ ማለትም ለውጡ የሚቀሰቅሳቸውና መልሰው የሚያባብሱት ሂደቶች ናቸው፦ በረዶ ሲቀልጥ ከሥሩ የሚገለጠው ጠቆር ያለ መሬትና ባሕር ብዙ ብርሃን ውጦ ያስቀራል፤ በደቡባዊው ውቅያኖስ ጥልቀት ታምቆ የቆየው ካርቦንም ወደ አየር ይወጣና ካርቦን ዳይኦክሳይድን ከአንድ ሚሊዮን የአየር ሞለኪውሎች 180 ገደማ ከነበረበት ወደ 280 ያደርሰዋል።

መላሽ ሁለት፦
መዘግየቱም ቢሆን የሚመስለውን ያህል የጸና አይደለም። ሙቀቱ የሚገመተው ከራሱ ከበረዶው፣ ጋዙ የሚለካው ግን በበረዶው ውስጥ አረፋ ሆኖ ከታሸገው አየር ነው፤ በረዶው በወደቀበት ዕለት ደግሞ አየሩ አይታሸግም፤ የላይኞቹ በርካታ አስር ሜትሮች እስኪጠጥሩ ድረስ አየር ስለሚዘዋወርባቸው፣ አረፋው ውስጥ ያለው አየር ከከበበው በረዶ በዕድሜ ያንሳል፤ በረዶ በጥቂቱ በሚጥልባቸው ቦታዎች ልዩነቱ ሺህ ዓመታትን ያልፋል። የዚህ የዕድሜ ልዩነት ግምት ጥቂት ከተዛባ የመቶዎች ዓመታት መዘግየት ከየትም ይመጣል። ደግሞም አንታርክቲካ ማለት ዓለም ማለት አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት ከተለያዩ የዓለም ክፍሎች 80 መዛግብትን አሰባስቦ፣ በመጨረሻው የበረዶ ዘመን ማብቂያ የዓለም አማካይ ሙቀት በአብዛኛው ጋዙን ተከትሎ እንደጨመረ አሳይቷል።

ጠያቂ፦
አመሰግናለሁ። ሙቀት ጋዝን፣ ጋዝም ሙቀትን የሚጨምር ከሆነ ግን ነገሩ ለምን ማቆሚያ አላጣም?

መላሽ አንድ፦
እያንዳንዱ ዙር ከቀደመው የሚያንስ ጭማሪ ስለሚያመጣ ነው። ምድር በሞቀች ቁጥር ወደ ሕዋ የምትረጨው ሙቀት ይበዛል፤ ጋዙም በተጨመረ ቁጥር የእያንዳንዱ ተጨማሪ መጠን ኃይል ይቀንሳል። በረጅም ዘመን ደግሞ የዝናብ ውሃ ከአለቶች ጋር በሚያደርገው ኬሚካዊ መዋሐድ ካርቦኑን ከአየር ይወስድና በባሕር ወለል የኖራ ድንጋይ ሆኖ እንዲቀመጥ ያደርገዋል። ይህ ግን እጅግ ዘገምተኛ ነው፤ ከ56 ሚሊዮን ዓመት በፊት ከተከሰተው ድንገተኛ ሙቀት ለማገገም ምድር ከ100,000 ዓመት በላይ ፈጅቶባታል።

መላሽ ሦስት፦
የዛሬው ሁኔታ መነሻው ሌላ መሆኑ መዘንጋት የለበትም። በሃዋይ ማውና ሎዋ ተራራ እ.ኤ.አ. በ1958 ልኬት ሲጀመር ከአንድ ሚሊዮን 315 ገደማ የነበረው የካርቦን ዳይኦክሳይድ መጠን አሁን ከ420 በላይ ነው። ጭማሪውን ያመጣው የውቅያኖስ መሞቅ ቢሆን ኖሮ በውቅያኖሱ ያለው ካርቦን በቀነሰ ነበር፤ ይሁንና እየጨመረ፣ ውሃውም አሲዳማነቱ እያደገ ነው። ከሁሉ ይልቅ እኔን የሚያሳምነኝ የካርቦን 14፣ ማለትም በጊዜ ብዛት እየፈረሰ የሚያልቀው የካርቦን ዓይነት (አይሶቶፕ) ማስረጃ ነው፦ ከሰልና ነዳጅ ዘይት በሚሊዮኖች ዓመታት ውስጥ ይህን አይሶቶፕ ጨርሰው ስላጡ ጭሳቸው በአየር ውስጥ ያለውን ድርሻ ያሳንሰዋል፤ ኬሚስቱ ሃንስ ዙስም ይህንኑ መቀነስ በዛፍ ግንድ ቀለበቶች ውስጥ አግኝቶ እ.ኤ.አ. በ1955 አሳትሟል።